ሰባት ቁጥርና የእሜት ድንቅነሽ ዘር

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ልመጻደቅ ፈልጌ አይደለም፤ የጥፋቴ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ነው። በልጅነቴ የኔታ ዜማ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ሞክረው ሲደክማቸው፣ "አንተ ልጅ፣ ጉሮሮህን እግዜር ረስቶታል፤ እጅህን ግን ባርኮታል" ብለው ከብራና ፊት አስቀመጡኝ። ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ፣ የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ፍቆ እንዳልነበረ ማድረግ እዚያ ተማርኩ። በተለይ በመፋቁ የሚደርስብኝ አልነበረም። ብዙ የሚሳሳት ሰው መፋቅ ይለምዳል።

ታዲያ በጃንሆይ ዘመን ሰቆጣ ላይ ጤና ጣቢያ ሲቋቋም መዝገብ ጸሐፊ ተፈለገና እኔ ተገኘሁ። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው። ባንደኛው ምትኩ የሚባል ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ በሁለተኛው እኔ የሰው ስም፣ አገርና በሽታ እጽፋለሁ። ሐኪም የለንም። ሐኪም ማለት ለእኛ በዓመት አንዴ በመኪና መጥቶ፣ ምትኩን ተቆጥቶ፣ መዝገቤን ገልጦ "እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!" ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከዚያ ሙገሳ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሰው አላናግርም ነበር።

መጀመሪያ ላይ በሽታን የምጽፈው በሽተኛው እንደነገረኝ ነው። የአገራችን ሰው ደግሞ በሽታውን ባጭሩ አይናገርም። "ከወገቤ ተነሥቶ ትከሻዬ ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ጉልበቴ ላይ አገኘዋለሁ" ይልሃል። መቼ እንደጀመረው፣ ማን ዓይኑን እንደጣለበት፣ የትኛው ጸበል ፋታ እንደሰጠው ሳይተርክ ወደ ሕመሙ አይገባም። አንድ ሰው አንድ ገጽ ይፈጅብኝ ነበር። ይህን ያዩ የበላዮች አንድ ወረቀት ላኩልን። በሽታ ሁሉ ቁጥር ወጥቶለታል፤ ከእንግዲህ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ ይላል። ወባ የራሱ ቁጥር አለው፣ ሳልም የራሱ። ሰባት "የሆድ ሕመም" ነው። ከሱ ቀጥሎ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ከዚያ የሆድ ትል እያለ ይወርድና፣ መጨረሻው ላይ "ሌላ ሕመም፤ በዝርዝር ይገለጽ" የሚል አለ።

እኔ ሰባትን ወደድኳት። የግዕዙን ሰባት ያየ ሰው ይፈርድልኛል፤ ከላይና ከታች ሰረዟን ይዛ ፯ ስትቀመጥ ዓይን ትሞላለች። ስምንትን ብዙም አልወዳት፤ ዘጠኝም እጄን ትጎረብጠዋለች። ደግሞስ ትልም ሆነ ደም፣ ቁርጠትም ሆነ ንፋት፣ ያለው ሆድ ውስጥ አይደለም? ብዬ ከደረት በታች ያለውን ሁሉ ሰባት አልኩት። ገጹ ከላይ እስከ ታች በሰባት ሲሞላ የመጽሐፍ ሐረግ ይመስል ነበር። ገበያ ላይ ሳይቀር "ምን ሆነህ ጠፋህ?" የተባለ ሰው "ሰባት ይዞኝ ሰነበትኩ" ማለት ጀመረ። አንዲት ባልቴትማ፣ "ጎረቤቴ አራት ተብላ እኔን ሰባት ያልከኝ ምን በድዬህ ነው?" ብለው ለምትኩ ከሰሱኝ። ምትኩ ሥራ በዝቶበት ነበርና ሳቀ እንጂ መዝገቡን አላየውም። አይቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ሚያዝያ ላይ ከትልቁ ሆስፒታል ደብዳቤ መጣ። ሲሳይ የሚባል የደሃና ገበሬ ከጥቂት ወራት በፊት ደም እየወረደው ራሱን ስቶ፣ በቃሬዛ እስከ ኮረም ከዚያም በመኪና ወደዚያው ሆስፒታል ተወስዶ ነበር። ደብዳቤው ስለሱ ነው። ምትኩ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የሲሳይ ታላቁ አንጀት ውስጡ እባጭ በእባጭ ሆኖ ተገኘ፤ ሽምብራ የተዘራበት ይመስላል፣ ተቆጥሮ አያልቅም ይላል። ይህ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ በደም የሚወርድ ነው። እባጮቹ ውለው አድረው ወደ ክፉ ነቀርሳ ይለወጣሉ፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የታመመው አንጀት ተቆርጦ ይወጣና ሰውየው ይድናል። ሲሳይ ድኗል፤ ገና አልጋ ላይ ነው። አያቱ እሜት ድንቅነሽም እናቱም ደም እየወረዳቸው ነው የሞቱት። ብርቄ የምትባል እኅት አለችው፣ እሷም ደም ታያለች፣ ግን ታፍራለች ብሏል።

ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያውቀው ሐኪም ሰኔ ሲገባ አገሩ ይሄዳል። አልጋው ጥቂት ስለሆነ የሚቀበሉት በእሜት ድንቅነሽ የዘር ሥዕል ላይ የተመዘገበና የታመመ ሰው ብቻ ነው። ሥዕሉም በቤተሰቡ ሽማግሌ ጣት መረጋገጥ አለበት። አሣሣሉን በሌላ ወረቀት ልከውልናል፤ ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የታመመ ጥቁር ይቀባል፣ ጤነኛ ባዶ ይተዋል። ከታች ደግሞ፣ ከዚህ ቤተሰብ ደም አየሁ ብሎ የመጣ ሰው ካለ ከመዝገባችሁ ፈልጉ ይላል።

"መዝገቡን አምጣ" አለኝ ምትኩ። ኮራ ብዬ አመጣሁ። ገለጠ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ አገላበጠ። ደም ያለበት የትኛው ነው ቢለኝ ሰባት ነው አልኩት። ትል ያለበትስ? እሱም ሰባት። ጥሬ ሽምብራ በልቶ የተነፋውስ? እሱም ያው ሰባት ነው። ከደሃና ብርቄ የተባሉ ሦስት ሴቶች አገኘን፤ ሦስቱም ሰባት ናቸው። ምትኩ ሲቆጣ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣኝም። መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋና መልሶ ሰጠኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"በቅሎዋን ጫን" አለኝ። "ሂድና ዘሩን ጽፈህ ና። ብርቄ ሥዕሉ ላይ ካልገባች ትሞታለች። ደግሞ የበሽተኛ ምስጢር ነውና በሽታ የሚባል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ።"

አንድ ቀን ተኩል ተጉዤ ደሃና ደረስኩ። ባላገር ቤት ሄዶ እንደ ብርቄ ያለች ባሏ የሞተባትን ሴት "ደም ታያለሽ ወይ?" ብሎ መጠየቅ በዱላ ያስባርራል፤ ስለዚህ በደንቡ መጀመሪያ ጭቃ ሹሙ ዘንድ፣ ከዚያ የቤተሰቡ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው አያ በሪሁን ናቸው፤ የእሜት ድንቅነሽ ልጅ፣ የእነብርቄ አጎት። ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ነገረኛነታቸው እስከ ሰቆጣ የሚታወቅ ሰው ናቸው። የእናታቸውን ርስት ብቻቸውን ይዘው ያርሳሉ። እነብርቄ የእናታችንን ድርሻ ስጡን ብለው ከከሰሷቸው ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሳቸው መልስ ደግሞ ምንጊዜም አንድ ነው፦ የነሱ እናት የእሜት ድንቅነሽ ልጅ አይደለችም። ይህን ሁሉ እኔ ያኔ አላውቅም።

"ከሰቆጣ ታዝዤ ነው አያ በሪሁን። የእናትዎን የእሜት ድንቅነሽን ዘር አንድ ሳላስቀር ልጽፍ ነው የመጣሁ" አልኳቸው።

 በቅሎዬን አዩ፣ ብርዕና ቀለሜን አዩ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አዩ። ከዚያ ፍየል እንዲታረድ አዘዙ። እኔ ሞኙ፣ ለጤና እንዲህ የሚጨነቅ ቤተሰብም አለ ለካ! እያልኩ ጥብሱን በላሁ። አሁን ሳስበው፣ በእኛ አገር ዘር የሚቆጠረው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጋብቻ እንዳይፋለስና ርስት እንዲካፈል። ማንም ሰው ለአንጀት ብሎ ትውልድ ቆጥሮ አያውቅም። እኔ ግን የሰቆጣ ልጅ ሆኜ ይህን ዘነጋሁት፤ ጥብሱም ለማሰብ ጊዜ አልሰጠኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ወይራ ሥር ተቀመጥን። የአጥቢያውን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁት አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም። አባ እየቆጠሩ እኔ እስላለሁ። ወረቀቱ ላይ ማዕዘኑን በማስመሪያ፣ ክቡን በሳንቲም እያዞርኩ ሳሰምረው፣ ከኋላዬ ሰው አንገቱን እየሰገገ ያያል። የሚነጋገሩት ባገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው፤ እኔም ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እንደሰማሁ እሆናለሁ። ከመሀከላቸው አንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነገሩን ፈታው። አራት ማዕዘኑ ማሳ ነው፤ ክቡ አውድማ ነው። ከሥር ካለው የምልክት ማብራሪያ ላይ ጠቁሮ የተቀባውን ባየ ጊዜማ ሚስጥሩን ጨረሰው፤ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ነው፣ ባዶው ጭንጫ ነው። መንግሥት የእሜት ድንቅነሽን ርስት ሊያከፋፍል ነው ማለት ነው።

ይህ ወሬ ያን ዕለት ምሳ ሳይደርስ ወንዝ ተሻገረ። ሰኞ ከዝቋላ ሰዎች መጡ። ማክሰኞ አንድ ሰውዬ ከኒሯቅ ድረስ ማሽላና አንድ ቅል ቅቤ ይዞ መጣና፣ "እሜት ድንቅነሽ በክፉ ቀን ጡታቸውን አጥብተውኛል፤ ጡት ደግሞ ያው ደም ነው" አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት ይህ ነው። አባ ወልደ ሥላሴ እሑድ ሲቆጥሩ እሜት ድንቅነሽ ሁለት ልጆች ወለዱ ብለው ነበር፤ እስከ ማክሰኞ ማታ ዐሥራ አንድ ደረሱ። ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ ያልወለዱትን ከሞቱ በኋላ ወለዱት። እኔም ሉክ ወረቀት በሉክ ላይ በሊጥ እየለጠፍኩ እጽፋለሁ። ማሩም፣ ጠላውም፣ "ጸሐፊ፣ ብላ እንጂ!"ውም አላልቅ አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬ በላሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ሰው ሁሉ ጥቁር አድርግልኝ ይላል። ጥቁር ጥሩ አይደለም ብላቸው፣ ለሌላ ሊያስቀር ነው እያሉ ማር ይጨምራሉ። ሌሎቹን እምቢ አልኩ። አያ በሪሁን ግን አንድ እንስራ ነጭ ማር አስመጥተው ከፊቴ አስቀመጡና፣ "የዚህ ቤት ራስ እኔ ሆኜ፣ የኔን ባዶ ትተህ የማንን ልታጠቁር ነው?" አሉኝ በቀስታ። ማሩን አየሁት። የቤተሰቡ ራስ ጎላ ብለው ቢታዩ ምን ክፋት አለው? ብዬ ማዕዘናቸውን ጥቁር ቀባሁት። አያ በሪሁን ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያሉ ጠበቁ።

ብርቄንስ? ብርቄን አልረሳኋትም፤ በየቀኑ ጠይቄያለሁ። አያ በሪሁን፣ "የሷን እናት እናቴ ከመንገድ አንሥታ ነው ያሳደገቻት፤ የዚህ ዘር አይደለችም" ይላሉ። ከዝቋላ የመጣው አዎ ይላል፤ ጡት የጠባውም አዎ ይላል። ተካፋይ አንድ ሲቀነስ የሚከፋው የለም። አባ ወልደ ሥላሴን እሑድ የቆጠሯት ሁለተኛዋ ልጅ ማን ናት ብዬ ስጠይቃቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወይራውን ያያሉ፤ የሚበሉት በአያ በሪሁን ቤት ነው። እኔም ሽማግሌው የማያረጋግጡትን ሰው እንዴት እጽፋለሁ? ደንብ ነው። ከቅጥሩ ግንብ ጥግ አንዲት ከሲታ ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ ነበር። ሐሜት ልትሰማ የቆመች መስሎኝ ዞር ብዬም አላየኋት።

ረቡዕ ምትኩ መጣ። እኔ ስዘገይበት፣ ግንቦትም እየተጋመሰ ስለሆነ፣ ሌላ በቅሎ ተውሶ ነው የደረሰው። ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ወረቀቱን ተቀበለኝ። እኔ ሙገሳ ስጠብቅ ዓይኑ ፈጠጠ። ሰባ የሚሆን ሰው! ከመሀሉ አንድ ትልቅ ጥቁር ማዕዘን! በሽታ የሚባል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ ያለኝ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ "ይኼ ሁሉ ሰው የዚያ የአንጀት በሽታ ዘር ነው?" ብሎ ጮኸ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ። አባ ወልደ ሥላሴ፣ "የምን በሽታ?" ሲሉ ምትኩ ማስረዳት ግድ ሆነበት። እሜት ድንቅነሽን የገደለው በደም ይወርዳል፤ የተጻፈው የዘሩ ሰው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው፤ ጥቁሩ የታመመ ነው አለ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ምላጬ ይናገር። በሦስት ቀን የተወለደው ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሳይወለድ ቀረ። ከዝቋላ የመጡት፣ ዘመድ ነን ያልነው ለቅሷቸው ላይ ስለደረስን ነው አሉ። ጡት የጠባው ሰውዬ፣ በደንብ ሳስበው ያጠባችኝ ሌላ ድንቅነሽ ናት ብሎ ቅቤውን ይዞ ተነሣ። እኔ እፍቃለሁ፣ ምትኩ ጣታቸውን ቀለም ያስነክራል፤ ኋላ ሳትነግሩን ቀራችሁ እንዳይሉን ብሎ "የእሜት ድንቅነሽ ዘር አይደለሁም" በሚል ጽሑፍ ሥር፣ በጭቃ ሹሙ ምስክርነት ሁሉንም አስፈረማቸው። በመጨረሻ አያ በሪሁን ብቻ ቀሩ። ያን ጥቁር ማዕዘናቸውን ጎንበስ ብለው አዩት።

"እኔንም አሳደገችኝ እንጂ አልወለደችኝም" አሉ።

አባ ወልደ ሥላሴ አማተቡ። "በሪሁን፣ በነዚህ እጆቼ ነው ያጠመቅኩህ!"

"አጠመቁኝ እንጂ አላዋለዱኝም አባ" አሉና ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ጥቁሩን ስፍቀው ወረቀቱ ሳሳ፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት በውስጡ ወይራው ይታይ ነበር።

ያን ጊዜ ያቺ ከቅጥሩ ጥግ የቆመችው ሴት መጣች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ፊቷ እንደ ሰም ነጥቷል። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከፊቴ ቆመችና ነጠላዋን ካፏ ላይ ገለጥ አደረገች።

"እኔን ጻፈኝ" አለች። "ብርቄ እባላለሁ። እናቴ የእሜት ድንቅነሽ ልጅ ናት። ወንድሜ ሲሳይም እኔም የልጅ ልጆቻቸው ነን።" ዞራ ሰዉን አየች። "ዛሬ አይደለሽም የሚለኝ አለ?"

ከፊት የነበሩት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አባ ወልደ ሥላሴ እንኳ አሁን ከወይራው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው፣ "ናት። እናቷንም ሲወልዱ ደርሻለሁ" አሉ፤ ሽማግሌ ጠፍቶ ነበርና ያረጋገጠው የሳቸው ጣት ሆነ። ክቧን ሣልኩ። ብርዔን አንሥቼ ስጠብቅ፣ "ጥቁር አድርገው" አለችኝ። "ሁለት ጊዜ በእግሬ ሰቆጣ ድረስ መጥቼ ደም ነው ብዬሃለሁ። ሁለት ጊዜም ሰባት ነሽ ብለህ የትል ኪኒን አሰጥተኸኛል።"

ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። አላስታወስኳትም። አንዲት ሴት ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ ሐፍረቷን ውጣ የነገረችኝን ቃል እኔ ውብ አድርጌ ደብቄዋለሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ "ልጆቼንም ሣል" አለችኝ። ሁለት ትንንሽ ክብ ሣልኩ። "እነሱን ባዶ ተዋቸው። እግዜር እንዲሁ ባዶ ያቆያቸው።" ስንጨርስም፣ ያ ሰው ሁሉ ጣቱን ያተመበትን ወረቀት ግልባጭ በማኅተም ስጡኝ አለች። ለማስታወሻ የፈለገችው መስሎኝ ጽፌ ሰጠኋት።

ብርቄ ግንቦት ሳያልቅ በምትኩ በቅሎ ኮረም ደረሰች፣ ከዚያ በመኪና ሄደች። ሐኪሙ ሊሄድ ዕቃውን ሲያስር ነው የደረሰችበት። ከመስቀል በኋላ ከወንድሟ ጋር ተመለሱ፤ ሁለቱም ከስተዋል፣ ሁለቱም ግን በእግራቸው ነው የመጡ። የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያንን ግልባጭ ይዛ ወረዳ ፍርድ ቤት ቆመች። ዳኛው አንብበው፣ "በሪሁን፣ ይህ ጣት ያንተ ነው?" ሲሏቸው አያ በሪሁን ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። የሦስት ዓመት ክርክር በአንድ ቀጠሮ አለቀ። ርስቱ የነብርቄ ሆነ፤ አያ በሪሁን የሰው መሬት በእኩል ማረስ ጀመሩ። አገሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ያ ነጭ ማር ገና አላለቀም ነበር።

ዓመት ዞረ። እኔ ከሰባት ጋር ተጣላሁ። ሁሉንም "በዝርዝር ይገለጽ" የሚለው ቦታ ላይ፣ ባላገሩ እንደነገረኝ፣ ከዓይን ጥላው ጀምሬ እጽፍ ነበር፤ የበላዮች ቀለም ታባክናለህ ብለው ደብዳቤ ጻፉብኝ። ደብዳቤውንም ፋይል አደረግኩት። አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ተጎንብሼ ስጽፍ ደጃፉ ጨለም አለ። ቀና ስል ብርቄ ናት፤ ከኋላዋ አያ በሪሁን ቆመዋል። ሊካሰሱ የመጡ መስሎኝ፣ ፍርድ ቤቱ ማዶ ነው ልል ምንም አልቀረኝ።

አያ በሪሁን ተቀመጡ። ያ ትከሻ የለም፤ ጋቢው ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። ምን ሆኑ ብላቸው ግድግዳውን ያያሉ። ብርቄም አትናገርላቸውም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ደም ነው" አሉ። "ከርሟል። አፍሬ ነው።"

ምትኩን ጠራሁት። መጣና ሰምቶ ራሱን ያዘ። ሆስፒታሉ ደንቡን አልለወጠም፤ አዲሱም ሐኪም የሚቀበለው በሥዕሉ ላይ ያለን ሰው ነው። አያ በሪሁን ደግሞ ሥዕሉ ላይ የሉም፤ የእሜት ድንቅነሽ ልጅ አይደለሁም ብለው ጣታቸውን አትመው ወጥተዋል። ክዶ የወጣን ሰው በደንቡ ሊመልስ የሚችለው ሥዕሉ ላይ ያለ የዘሩ ሰው ብቻ ነው። ሲሳይ ለሥራ ቆላ ወርዷል፤ ያለችው ብርቄ ናት።

ላይ ላዩን መጻፍ ከተውኩ ቆይቼ ነበርና ለብርቄ እውነቱን ነገርኳት። "ልጃቸው ናቸው ብለሽ ካተምሽ ይህ ወረቀት ለፍርድ ቤትም ይሠራል። የርስቱ እኩሌታ ወደ እሳቸው ይመለሳል" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነው የመጣሁ።" አጎቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ቀና አላሉም። "ያን ቀን እናታቸውን ባይክዱ ኖሮ እኔ ሥዕሉ ላይ አልገባም ነበር፤ ክፋታቸው ነው ያዳነኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን እያወቅሁ ዝም ብል ከሳቸው እብሳለሁ። እናታቸው ናት። ጻፋቸው።"

ሥዕሉን አወጣሁ። ከእሜት ድንቅነሽ ክብ ሥር ያ የፋቅሁት ቦታ እንደሳሳ ነው። ብርዕ ያልፍበት ይሆን ብዬ ትንፋሼን ይዤ ማዕዘኑን ሣልኩ፤ ወረቀቱ ቻለው። ብርቄ ጣቷን ነክራ ከጎኑ አተመች። ከዚያ ውስጡን ጥቁር ቀባሁት። አያ በሪሁን ጎንበስ ብለው፣ ያኔ ደጀ ሰላሙ ወይራ ሥር እንዳደረጉት፣ እፍ እያሉ አደረቁት። ከዚያ ወደ መዝገቡ ዞር አልኩና ስማቸውን መጻፍ ስጀምር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ስንት ብለህ ልትጽፈኝ ነው?" አሉ። "ሰባት ነኝ?"

"አይደሉም አያ በሪሁን" አልኳቸው። "የእሜት ድንቅነሽ ልጅ ነዎት።"